ገደል ማሚቶ ያልሰማችው ሳል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ዛሬ የምነግራችሁ አገር ላምም በረትም አልነበረው። ገደል ነበረው፣ ሸለቆ ነበረው፣ አውሬውና ድንጋዩም ይነጋገሩበት ነበር። ሰው ገና ስላልደረሰበት ወሬ የሚያጣፍጥ አልነበረም። እኔም ሳላጣፍጥ እነግራችኋለሁ፤ የሚያስቅ የፈለገ ሌላ ቀን ይምጣ።

በዚያ ገደል ሆድ ውስጥ ማሚቶ ትኖር ነበር። የዚያን ጊዜዋ ማሚቶ እንደ ዛሬዋ የሰማችውን ብቻ አትመልስም፤ ለጠየቋት ሁሉ መልስ ነበራት። ዝንጀሮው ከገደሉ ሥር ይቆምና «ማሚቶ፣ ሾላው የበሰለው የት ነው?» ይላል። «ከወንዙ ማዶ» ትለዋለች። ሚዳቋዋ ትመጣና «ማሚቶ፣ ባሌ ወዴት አመሸ?» ትላለች። ለዚህም መልስ አታጣም። ለጎረቤት የሚያሳፍረው ለገደል አያሳፍርምና ሁሉም የልቡን ይዞ የሚመጣው ወደ እሷ ነበር።

የሸለቆው መድኃኒተኛ ደግሞ እመት ጃርት ነበረች። ሲመሽ ሲመሽ እሾኋን ሰብስባ ከዋሻ ዋሻ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ ትዞራለች። ጆሮዋን ከደረታቸው ታስጠጋለች፤ የሚያስለውን ካገኘች መራራ ሥር አኝካ ታጎርሰዋለች። ሥሩን ከመሬት ሆድ ቆፍራ የምታቀብላት ፍልፈል ነበረች። ፍልፈል ዓይኗ ብርሃን አይችልም፤ ከአፈር ወጥታ አታውቅም። ከአንድ ልጇ ጋር ከታች ትኖራለች፤ ከላይ ያሉት መኖሯን የሚያውቁት በየጠዋቱ በምትቆልለው አዲስ አፈር ነው።

ጃርት የማታ ዙሯን ስትጨርስ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ትደርሳለች።

«እህቴ፣ እንዴት አመሸሽ?»

«ደህና። እንኪ ሥሩን።»

«ልጅሽስ?»

«ይጠባል።»

ወሬያቸው ይኸው ነበር፤ ለሁለቱም ይበቃቸዋል።

ጉንፋን የሚባል መንገደኛም ነበር። በኅዳር ብርድ፣ በነፋስ ጀርባ ተፈናጥጦ ይመጣል። ሲመጣ ሸለቆው ከዳር እዳር ይስላል፤ ሲሄድም ባዶ እጁን አይሄድም፣ ሕፃን ከእናቱ ጉያ፣ ሽማግሌ ከመኝታው ይዞ ይሄዳል።

አንድ ኅዳር ማሚቶ ጃርትን ጠራቻት።

«እመት ጃርት፣ ጉንፋን እየመጣ ነው።»

«በምን አወቅሽ? እኔ የሚስል አላገኘሁም።»

«በጥያቄያቸው ነዋ። አምናም ካቻምናም ሸለቆውን ሳል ከመያዙ በፊት የሚጠይቁኝ ይለወጣል። የሾላውን ነገር ይተዉና ‹ጉሮሮዬን ምን ከረከረኝ› ይላሉ። ቀጥለው ‹ልጄን አተኮሰው› ይላሉ። ከዚያ ሳሉ ይከተላል። የድሮውን ጥያቄ ከድሮው ሳል ጋር እያገጣጠምኩ ተማርኩት። አሁን የወንዝ ዳር ዝንጀሮዎች ስለ ጉሮሮ መጠየቅ ጀምረዋል።»

ጃርት ሥሯን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ጉንፋን የዝንጀሮዎቹን ጉሮሮ ገና መነካካት ሲጀምር ደረሰችበት። ያን ዓመት ማንንም ሳይወስድ እያጉረመረመ ተመለሰ።

የሸለቆው አለቃ አያ ጎሽ ሁሉን ሰብስቦ ተናገረ። «እመት ጃርት፣ ከእንግዲህ በየጉድጓዱ መንከራተት ምን ያደርግልሻል? ተቀምጠሽ ገደሉን ስሚ» አለ። የጃርትም እግር ደክሞ ነበርና ነገሩ ጣማት። ወደ ፍልፈል ወረደች።

«እህቴ፣ ከዛሬ ወዲያ በየማታው አልመጣም። ሥሩን ከጉድጓድሽ አፍ አኑሪልኝ፣ ሽኮኮ እየመጣ ይወስደዋል። የታመመ ካለ ለማሚቶ ንገሪያት።»

«እኔ ገደሉን በየት አውቀዋለሁ?» አለች ፍልፈል። «ፀሐዩ ዓይኔን ያጠፋዋል፤ ድምፄም አፈር አያልፍ። ይኼ ልጅ ቢያስለው ማን ይሰማኛል?»

«ማሚቶ የማትሰማው የለም» አለቻት ጃርት። አምናበት ነው ያለችው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የሚከፋው አምነው ሲሉት ነው።

ሁለተኛው ኅዳር ደረሰ። ጉንፋን ከተራራው ማዶ ተቀምጦ ወሬን አስጠራው።

«ወሬ፣ ወደ ሸለቆው ሂድና እየመጣሁ ነው በላቸው።»

«አንተስ?»

«ዘንድሮ እግሬን አላነሣም። አንተ ትበቃቸዋለህ።»

ወሬ እግሩ ፈጣን ነው፤ ሳይመሽ ሸለቆውን አዳረሰው። ያን ጊዜ ያመመውም ያላመመውም ወደ ገደሉ ጎረፈ። ጉሬዛ ጤነኛ ጉሮሮውን እየዳሰሰ «ማሚቶ፣ ሳል ሲጀምር እንዴት እንዴት ያደርጋል?» አለ። ዝንጀሮ ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ግንባሩን ዳሰሰና «ሞቅ ያለው መሰለኝ፣ ምን ላድርግ?» አለ። ማሚቶ ይህን ያህል ተጠይቃ አታውቅምና ደነገጠች።

«እመት ጃርት፣ ሸለቆው ሊያልቅ ነው» አለቻት።

ጃርት ያላትን ሥር ሁሉ አወጣች። አልበቃም። ለፍልፈል «ጨምሪ» ብላ ላከችባት። ፍልፈል ከጥልቁ ቆፈረች፣ ለከርሞ የተወችውን ቀንበጥ ሳይቀር አወጣች፤ ሽኮኮም እየተመላለሰ አጋዘው። ጎምዛዛውን ሥር ሁሉም አኘከ። ከዚያ ግን የሚስል ጠፋ። ጉንፋን ከተራራው ማዶ ሆኖ ሳቀ።

ማሚቶ አፈረች። «ለካ ፍርሃትም እንደ ሕመም ይጠይቃል» አለች። «አሁን ተማርኩ። ከእንግዲህ የፈሪውን ጥያቄ እየቀነስኩ እሰማለሁ።»

ጃርትም «ማሚቶ ከስሕተቷ ከተማረችማ ምን ቀረ» ብላ ተቀመጠች። ወደ ድሮ ዙሯ አልተመለሰችም።

ሦስተኛው ኅዳር መጣ። ጉንፋን ወሬን አልጠራውም። «በሚጮኹት በኩል ብገባ ይሰሙኛል» አለ ለራሱ። «ዝም ባለው በኩል እገባለሁ።» ከነፋሱ ጀርባ ወረደና በፍልፈል ጉድጓድ ሾልኮ ገባ።

መጀመሪያ ልጁ ሳለ። ቀጥላ እናቱ ሳለች። «እመት ጃርት!» ብላ ተጣራች። አፈሩ ድምፅዋን ዋጠው። ደግማ ተጣራች፤ አፈሩ ዋጠው።

ከላይ ጃርት ከገደሉ ሥር ቆማለች። «ማሚቶ፣ ዘንድሮስ እንዴት ነው?»

«ሰላም ነው። ስለ ሾላ ነው የሚጠይቁኝ።»

ይህን ሲነጋገሩ ሽኮኮ ባዶ እጁን መጣ። «ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ የተቀመጠ ሥር የለም» አለ።

ጃርት ልቧ ጠረጠረ። «ማሚቶ፣ ከፍልፈል በኩል ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያልጠየቀማ ደህና ነው።»

ጃርት በዚህ ተጽናንታ ወደ ቤቷ ገባች። ያን ዕለት ብትሄድ ኖሮ ተረቴ ሌላ በሆነ ነበር። አልሄደችም።

በማግሥቱ ግን መቀመጥ አቃታትና ወረደች። ከጉድጓዱ ዙሪያ አዲስ አፈር የለም። የድሮው ቁልል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያን ጊዜ በአራት እግሯ ቆፈረች፣ እሾኋ እስኪረግፍ ቆፈረች።

ፍልፈል ልጇን አቅፋ ተኝታለች። ልጁ ይተነፍሳል፤ ከአፉ ዳር የታኘከ ሥር አለ። መሬቱን ጭራ ያገኘችውን አንዲት ሥር ለእሱ አጉርሳው ነበር።

«እህቴ» አለች ጃርት።

«መጣሽ?» አለች ፍልፈል። «ጠርቼሽ ነበር።»

«አልሰማሁም።»

«አውቃለሁ። አፈሩ ይዞት ነው። ከላይ ሥር ተርፏችኋል?»

ጃርት መሬት መሬቱን አየች። «አልተረፈም። አምና ላልታመሙት አደልነው።»

ፍልፈል አልወቀሰቻትም። ልጁን ብቻ በቀስታ ወደ እሷ ገፋችው። ጃርት እሾኋን አጥፋ ተቀበለችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍልፈል አረፈች።

ጃርት ልጁን በቅጠል ጋርዳ ወደ ገደሉ ወጣች። ሸለቆው ሁሉ ተሰበሰበ። አያ ጎሽ ቀንዱን ወደ ገደሉ አዙሮ «ጥፋቱ የማሚቶ ነው» አለ።

«የሰማሁትን አልሳትኩም» አለች ማሚቶ።

«አልሳትሽም» አለች ጃርት። «ያልሰማሽውን ግን ጤና አልሽው። አያ ጎሽ፣ አንተ ተቀመጪ አልከኝ። እኔ ደግሞ እግር እያለኝ በሌላ ጆሮ ሄድኩ። እህቴን የገደልናት ሦስታችንም ነን።»

አያ ጎሽ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ልጁ ከጃርት ጉያ አንዴ ሳለ፤ ቀጭን ሳል ነበረች። ማሚቶ ያችን ሳል ተቀበለችና እንዳለች መለሰቻት፤ ምንም አልጨመረችባትም። ከዚያ ቀን ወዲህም የራሷን ቃል ጨምራ አታውቅም።

ጉንፋን ከጉድጓዱ ወጥቶ ሸለቆውን አዳረሰው። ሥር አልነበረምና ከየዋሻው የሚወደድ ወሰደ። ሸለቆው አልቅሶ ቀበረ። የፍልፈል ልጅ ዳነ፣ አደገ፣ እንደ እናቱ ቆፋሪ ሆነ።

ጃርት እስከ ዛሬ ሲመሽ ትወጣለች። መጀመሪያ ከገደሉ ሥር ቆማ ማን ምን እንደጠየቀ ታዳምጣለች፤ ጆሮ መልካም ነውና አልናቀችውም። ዙሯን የምትጀምረው ግን ድምፁ ካልተሰማው ነው። አፍንጫዋን መሬት ለመሬት እያስኬደች ስታዩዋት ምግብ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ።

የጮኸ ሁሉ አልታመመም፤ ዝም ያለ ሁሉ አልዳነም።

ተረቴን ጨረስኩ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ይቅርብኝ፤ ስትወጡ ግን ዝም ያለውን የጎረቤታችሁን ደጅ አንኳኩልኝ።