ማንም ያልተጫነው ቁልፍ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ ሽብሩ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን ጋሽ ሽብሩ ይለዋል። ሱቁ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ስለነበረ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ ከእሱ ጋር ሁለት ሦስት ቃል ሳይለዋወጥ አይሄድም። ቃሉም ይከበራል። ይህ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዓመታት በፊት እነዚሁ ሰዎች ሌላ ቦታ ሲኖሩ፣ “ውሃ ልናስገባላችሁ ነው” የሚሉ ሰዎች መጥተው ቤታቸውን ቆጠሩ። ጋሽ ሽብሩ ያኔ “ይሄ ቆጠራ አላማረኝም” ብሎ ነበር፤ የሰማው ግን የለም። ውሃው ሳይመጣ ግሬደር መጣ። ሰፈሩ ፈረሰ፤ ነዋሪው ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሽብሩ አላማረኝም ያለው ነገር ለማንም አያምርም።

አንድ ቀን ሠራተኞች መጡና ፌርማታው ላይ የብረት ምሰሶ ተከሉ። ምሰሶው ትንሽ ስክሪንና ሁለት ቁልፎች አሉት። አንደኛው ላይ “ገበያ”፣ ሌላኛው ላይ “ሆስፒታል” ተብሎ ተጽፏል። ተሳፋሪው የሚሄድበትን ሲጫን፣ ስክሪኑ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ ይነግረዋል፤ የአውቶቡስ ጣቢያውም እዚያ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ያውቃል። ሠራተኞቹ ይህንኑ ባጭሩ ተናግረው ሄዱ።

ጋሽ ሽብሩ ወጥቶ ምሰሶውን ዞር ዞር ብሎ አየው። ከስክሪኑ በላይ ትንሽ ጥቁር ክብ መስታወት አለች። እሷን ትኩር ብሎ አያትና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

የሺመቤት የምትባል ጎረቤት ነበረችው። የዓይን ግፊት ስላለባት ለሕክምና ወደ ሆስፒታል ትመላለሳለች።

“ልጫነው እንዴ ጋሽ ሽብሩ?” አለችው። “ፀሐይ ላይ ከመገተር፣ የሚመጣበትን ሰዓት ባውቅ ጥላ ውስጥ እቀመጥ ነበር።”

“የሺ፣ አንቺ የት እንደምትሄጂ ማወቅ የፈለገው ሰው ለምን ፈለገ? እስከ ዛሬ አውቶቡሱ ሳትጫኚ ይመጣልሽ አልነበር?”

“ይመጣ ነበር።”

“እንግዲያው ነገም ይመጣል።”

በማግስቱም መጣ። በሳምንቱም መጣ። ማንም ቁልፉን ሳይነካ አውቶቡሱ እየመጣ ሰው ጭኖ ሄደ። ጋሽ ሽብሩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ሰፋና ምሰሶውን ከነመስታወቷ አለበሰው። የተቃወመው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ግን አውቶቡሱ የሚመጣበት ጊዜ እየተራራቀ ሄደ። መጀመሪያ ጠዋትና ማታ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ጠዋት ብቻ። በመጨረሻ ጭራሽ ቀረ።

ሰው ሱቁ ደጃፍ ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ ሽብሩም፣ “ይኸው፣ አላልኳችሁም?” አለ። “ማሽኑን ከተከሉ በኋላ አውቶቡሱ ጠፋ። ከዚህም ሊያስነሱን ነው። መጀመሪያ መንገዱን ያቋርጡብናል፣ ከዚያ ውጡ ይሉናል።”

የታችኛው ፌርማታ ሰዎች ቁልፉን እየተጫኑ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው እየተጫወቱ፣ አውቶቡሱ ሲቃረብ ተነስተው እንደሚሳፈሩ ተወራ። ጋሽ ሽብሩ ወሬውን ሰምቶ፣ “እነሱ ገና አልደረሰባቸውም” አለ። አውቶቡሱ በቀረ ቁጥር የሰዉ ጥርጣሬ እየጠነከረ፣ የጋሽ ሽብሩም ቃል እየከበደ ሄደ።

የሺመቤት ሆስፒታሉን በእግሯ መሄድ ጀመረች። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዳገትም አለው። አንዳንድ ቀን ስትደርስ ሐኪሙ ወጥቷል። አንዳንድ ቀን ከግማሽ መንገድ ትመለሳለች። በኋላ ቀጠሮውን እያሳለፈች ቤቷ መዋል አመጣች። አንድ ከሰዓት ግድግዳ እየዳሰሰች ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባች።

“የግራዋ ዓይኔ ጠፋች፣ ጋሽ ሽብሩ” አለችው። “አትመለስም ብለውኛል። ቀኝዋን ግን ከቀጠሮ ካልቀረሽ እናተርፋታለን አሉኝ። እንዴት አድርጌ ነው የማልቀረው?”

ጋሽ ሽብሩ መቀሱን አስቀመጠ፣ ሱቁን ዘጋና በእግሩ ወደ ጣቢያው ሄደ።

የጣቢያው ኃላፊ ፍሬሕይወት የምትባል ኢንጂነር ነበረች። ጋሽ ሽብሩ ሰላምታም ሳያስቀድም፣ “አውቶቡሳችንን የት አደረሳችሁት?” አላት።

የፌርማታውን ስም ጠይቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ስክሪን ተመለከተች። “እዚያ ፌርማታ የሚጠብቅ ሰው የለም” አለችው።

“ታዲያ እኔ ማነኝ?”

ፍሬሕይወት ተነስታ አሳየችው። ስክሪኑ ላይ ሰው የሚጠብቅባቸው ፌርማታዎች ሁሉ ያበራሉ። የእነ ጋሽ ሽብሩ ብቻ ጨለማ ነው። “ምሰሶው ከተተከለ ጀምሮ አንድም ሰው ቁልፉን አልተጫነም” አለችው። “ከዚያ የሚሳፈር ሰው ቀርቷል ብለን አውቶቡሱን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መስመር አዞርነው።”

“መጥታችሁ አይታችኋል?”

ፍሬሕይወት አንገቷን አቀረቀረች። “አላየንም” አለች። ቀጥላም፣ “እናንተስ ለምን አልተጫናችሁም?” ስትል ጠየቀችው።

ነገራት። ስለ ቆጠራው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ግሬደሩ፣ ስለ የሺመቤት ዓይን ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችው።

“አሁን ስማችንን የት ነው የምትይዙት?” አላት።

“ስም አይመጣልንም አባቴ። ቁልፉ መነካቱ ብቻ ነው የሚደርሰን።”

“ጥቁሯ መስታወትስ?”

“ፀሐይ ሲበረታ ስክሪኑ እንዲደምቅ ብርሃን የምትለካ ናት።”

“አሳዪኝ።”

ከመጋዘን እንደዚያው ያለ ሌላ ስክሪን አስመጥታ መስታወቷን በመዳፏ ጋረደቻት፤ ስክሪኑ ደበዘዘ። መዳፏን ስታነሳ ደመቀ። ጋሽ ሽብሩ ራሱም ሞከረው።

“ዛሬስ ይሁን” አላት። “ነገ ሌላ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥስ?”

ፍሬሕይወት፣ “እሱን እኔም አላውቅም” አለችው። “አንድ ነገር ሲለወጥ መጥታችሁ የምትጠይቁበት በር ክፍት እንዲሆን ማድረግ ግን እችላለሁ።”

ምንም ችግር አይመጣም ብትለው ኖሮ ተነስቶ ይሄድ ነበር። አላውቅም ስላለችው አመናት።

በማግስቱ ፍሬሕይወት ራሷ ሰፈሩ ድረስ መጣች። ምሰሶው ጎን ቆማ እስከ ቀትር የሰዉን ጥያቄ መለሰች። ጣቢያው ምን እንደሚደርሰውና ምን እንደማይደርሰው፣ ቅሬታ ያለው የት እንደሚሄድ ጽፋ ለጠፈች። ሰው ሁሉ ጋሽ ሽብሩን ያያል። እሱም ከረጢቱን አውልቆ “ሆስፒታል” የሚለውን ተጫነ። ስክሪኑ አውቶቡሱ መነሳቱን ጻፈ። ሻይ ልጠጣ ብሎ የሄደ አልነበረም፤ ሁሉም መንገድ መንገዱን እያየ ቆመ። አውቶቡሱ መጣ።

ጋሽ ሽብሩ ከየሺመቤት ጋር ተሳፈረ። ጥቂት እንደሄዱ፣ “ዓይንሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ” አላት።

እሷም፣ “አልተቀየምኩም አልልህም” አለችው። “ግን እኔም አንተን ሰማሁና ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ቀረሁ። ጣቢያው ለእኔም ክፍት ነበር።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀጠሮዋ ቀን ሁሉ ሱቁን እየዘጋ አብሯት ይሄዳል። ቀኝ ዓይኗ ተረፈች።

ጋሽ ሽብሩ መጠርጠሩ አላጠፋም፤ ያየው ነገር ያስጠረጥራል። ያጠፋው፣ ሄዶ ሳይጠይቅ በጥርጣሬው ሌላውን ማሰሩ ነው። ሄደን ያልጠየቅንበት ጥርጣሬ የራሱን ማስረጃ ይወልዳል። ሰፈሩ ቁልፉን ስላልነካ አውቶቡሱ ቀረ፤ አውቶቡሱ ስለቀረ ደግሞ ቁልፉን አለመንካት ትክክል መሰለ። ጣቢያውም ከጥፋት ነጻ አይደለም። ምሰሶ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተጎዳ ሰው እንዲያምነው ግን ቆሞ ማስረዳትና የማያውቁትን አላውቅም ማለት ያስፈልጋል። አዲስ መሣሪያ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅን የሚያቀልለው ከኋላው የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው።

እናንተስ፣ ዛሬ እጃችሁን የሰበሰባችሁበት ነገር የትኛው ነው? ጠይቃችሁ ነው የተዋችሁት፣ ወይስ ሌላ ሰው አላማረኝም ስላለ?