የመጫወቻዋ ሞተር መብራት

በአንዲት ትንሽ ከተማ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። መጠበቅ የሰለቸው አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ቡጢ የምታክል፣ በነዳጅ የምትሠራ የመጫወቻ አውሮፕላን ሞተር ከብስክሌት ዲናሞ ጋር አገናኝቶ፣ አመሻሹ ላይ ቤቱ ውስጥ አንዲት አምፖል አበራ። ብርሃኑን በመስኮት ያየ ጎረቤት «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ በሙሉ ማብሪያውን ቢጫነው ቢጫነው፣ ወይ ፍንክች።

ጩኸቱን ሰምተው የመብራት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወንድይራድ ከነከረባታቸው ከተፍ አሉ። መብራት መጣ ሲባል ከሁሉ የበለጠ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ።

«አንተ ሌባ! መስመራችንን ጠልፈሃል!»

«ኧረ ጌታዬ፣ የምታበራው ይቺ ሞተር ናት።»

«ሞኝህን ፈልግ! እኛ በዚያ ሁሉ መሐንዲስ ያቃተንን አንተ በመጫወቻ አበራኸው?»

ይህን ብለው በርጩማ ስበው አምፖሏ ሥር ተቀመጡና፣ መነጽራቸውን አድርገው ክሱን ይጽፉ ጀመር። ግማሽ ገጽ ሲደርሱ ቀና ብለው «በል ጥፋትህን እመን!» አሉት።

ሰውየው እጁን ወደ ሞተሯ ሰደድ አደረገ።

«እሺ ጌታዬ፣ የጠለፍኩት የእናንተን ከሆነ፣ እኔ ይቺን መጫወቻ ላጥፋትና የቀረውን ክስ በመስመርዎ መብራት ይጨርሱት።»