የጋሽ ዘርጋው ልጆችና የእርቁ ፎቶ

ሕይወቴን አስይዤ እምላለሁ፤ አሁን የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝበት ይኸው እኔ፣ ይኸው ገደሉ። ያጋንናል የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ በቦታው ስላልነበሩ ነው። እኔም አልነበርኩም። ነገር ግን ከነበሩት ይልቅ እኔ በደንብ አስታውሰዋለሁ።

በአንድ ወቅት አፋፍ በምትባል ከተማ ዘርጋው የሚባሉ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ካሜራቸው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ወደ ከተማዋ ሲገባ ሁለት በቅሎ ገድሎ ነው የገባው። ፎቶ ሲያነሱ በቆርቆሮ ሰሃን ላይ የብርሃን ዱቄት አፍስሰው ይለኩሱታል። ያ ዱቄት ቦግ ሲል ከወንዙ ማዶ ያሉ አውራ ዶሮዎች የነጋ መስሏቸው ይጮኹ ነበር። አንድ ዲያቆንማ ምጽአት የደረሰ መስሎት በጾም የበላውን ሥጋ በአደባባይ ተናዟል።

ጋሽ ዘርጋው ሀብታሙንም ድሃውንም በአንድ ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ መደገፊያ ያለው ሌላ ወንበር አልነበራቸውም። ለሥራቸው ግን ሦስት ሕግ አላቸው፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ዳዊት ለልጆቻቸው ይደግሙታል። «ፊታችሁ የተቀመጠ ሰው እንግዳችሁ ነው፤ ክፉ እጅ አይረፍበት። ሳትቆጥሩ አታንሱ፤ ሰው ፊቱን ሳያሰናዳ የተነሳ ምስል የተሰረቀ ነው። ማዲያቱን አጥፉለት፤ ያደረገውን ግን አታጥፉለት።»

ልጆቹ ሦስት ናቸው። በኩሩ ደርቤ ሰው የሚያስቀምጠው ነው። በሁለት ጣቱ አገጭ ቀና ሲያደርግ፣ ሲፎክር የመጣ ጀግና እንኳ እንደ ሙሽራ አደብ ይገዛል። ሁለተኛዋ ያለምዘውድ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንባ በካሜራው የምታየው ናት። በካሜራው ኋላ ባለው መስታወት ላይ ሰው ሁሉ ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው፤ እሷ ግን የተዘቀዘቀውን አይታ ማን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደመጣ፣ ማን ቁርሱን እንዳልበላ ትናገራለች። ታናሹ አጥናፉ የጨለማው ክፍል ጌታ ነው። በመስታወት ላይ የወጣውን ምስል በምላጭና በእርሳስ ያርማል። አንዲት ባልቴት እሱ ያረመውን ፎቶዋን ቤቷ ብትሰቅል፣ የገዛ ባሏ አይቶ «ይቺን ልጅ ዳሩልኝ» ብሎ ሽማግሌ ልኳል።

የጋሽ ዘርጋው ዓይን እየደከመ ሲሄድ ካሜራውንና ጥቁሩን ጨርቅ ከሦስቱ ለአንዱ ማውረስ ግድ ሆነ። «በጋራ እንያዘው» ቢሏቸው እምቢ አሉ። «ካሜራ ዓይኑ አንድ ነው፤ ሦስት ጌታ አይችልም። በሚመጣው ትልቅ ሥራ አያችኋለሁ።»

ትልቁ ሥራ መጣ። የእነ አዳሙ ቤትና የእነ ውቤ ቤት ደም የተቃቡ ነበሩ። ጠቡ የተነሳው በአንድ የድንበር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ዛሬም አለ፤ ሰዎቹ ናቸው የሌሉት። ሲጋደሉ ኖረው ኖረው፣ የአገሩ ጥንብ አንሳ አልበቃ ብሎ ከሌላ አገር ዘመዶቹን አስጠርቶ ነበር። በመጨረሻ ባሻ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክመው፣ ተንበርክከው፣ ሁለቱን ቤት አስታረቁ። የእርቁም ማኅተም ፎቶ ይሁን አሉ።

«ወረቀት የፈረመ ጣቴ አይደለም ይላል» አሉ ባሻ። «ፊቴ አይደለም ያለ ግን እስከዛሬ አላየሁም። ከጠላታችሁ ጎን ሆናችሁ ተነሱና በየቤታችሁ ስቀሉት።»

ጠመንጃ ሁሉ ከበር ውጭ ግራሩ ሥር ተደገፈ። ደርቤ ሐይቅና አውሮፕላን በተሳለበት መጋረጃ ፊት አንድ ከእነ አዳሙ፣ አንድ ከእነ ውቤ እያፈራረቀ ደረደራቸው። ከፊት ረድፍ ጎበዜን አስቀመጠ፤ የእነ ውቤ ሰው ነው። ከጎበዜ ኋላ ሻረውን አቆመ፤ የእነ አዳሙ ሰው ነው። የሻረውን ወንድም የገደለው ጎበዜ ነበር። ባሻ ናቸው እንዲህ ይሁኑ ያሉ፤ ዋናው ደም እዚህ ጋ ስለሆነ ዋናው እርቅም እዚህ ጋ ይታይ ብለው።

«ጎበዜ፣ ትንሽ ፈገግ በል እንጂ» አለ ደርቤ።

«ከእነ አዳሙ መሐል ሆኜ? ጥርሴን ቢቆጥሩብኝስ?»

«ቆጥረን ከጨረስን ቆየን» አለ ከኋላ አንዱ። «የጎደሉትን ሁለቱን አጎቴ ነው ያወለቀልህ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሻ ጓንጉል ዘወር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያልሳቀው ሻረው ብቻ ነው። ሻረው ከዚህ በፊት በዚያው ቤት ፎቶ ተነስቶ ያውቃል፤ ሥርዓቱን ይዞታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ይቆጠራል፤ በሦስት ብርሃኑ ቦግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ እውር ነው። እሱ በሦስት ዓይኑን ሊጨፍን፣ ሌላው ሲታወር ሊገልጥ፣ በጋቢው ሥር በያዘው ሽጉጥ የጎበዜን ማጅራት ሊበሳ አስቦ መጥቷል።

ያለምዘውድ ጨርቁን ተከናንባ መስታወቱን አየች። የተዘቀዘቁት ሰዎች ሁሉ የሚያዩት ሌንሱን ነው። አንዱ ግን የሚያየው የዱቄቱን ሰሃን ነው፤ ቀኝ እጁም ጋቢው ሥር ገብቶ አይታይም። ገባት። ብትጮህ ቀድሞ ይተኩሳል። ብትተወው በሦስት ይተኩሳል። ከጨርቁ ወጣች፤ ምስሉ የሚያርፍበትን መስታወት ከተተች፤ የዱቄቱን ቆርቆሮ እንዳለ ሰሃኑ ላይ ገለበጠችው።

«በዛ» አሉ ጋሽ ዘርጋው ከጥግ። ዱቄት ሲፈስ በድምፁ መጠኑን ያውቁታል።

ያለምዘውድ ግን «አንድ» አለች። ሁለትን አልጠራችም። ሰሃኑን ወደ ሻረው ፊት ገፍታ ለኮሰችው።

ያን ዕለት ፀሐይ አፍራ ደመና ውስጥ ገብታለች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቅንድብ ሁሉ እንደ ገለባ ነደደ፤ ጣሪያው ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ሻረው «አንድ» ሲባል ሽጉጡን ከጋቢው አውጥቶ ነበር፤ ዓይኑ ግን ገና እንደ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ብርሃኑ ሁለቱንም ዓይኖቹን አበሰላቸው። ጣቱ ግን ሥራውን ሠራ። ጥይቱ የጎበዜን ግራ ጆሮ ጎምዶ ግድግዳው ውስጥ ተቀበረ። ሻረው ከዚያን ቀን ወዲያ ብርሃን አላየም።

ከዚያ በጭሱ ውስጥ ደም ለደም ሆነ። ማን ማንን እንደሚመታ አያይም፤ ግን የማይመታ የለም። ጥርስ እንደ በቆሎ ረገፈ። አንዱ የጠላቱን ጣት ነክሶ ቆረጠና ሲያጣራ የወንድሙ ሆነ። ዓይኑ የተመለሰ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አሰበ፤ ግራሩ ሥር ያለውን ጠመንጃ።

ደርቤ ቀድሟቸው በሩን ዘጋ። የካሜራውን መቆሚያ ነቅሎ በሩ ላይ ቆመ፤ የመጣውን ሁሉ መታ። የእነ አዳሙን መታ፤ የእነ ውቤን መታ፤ «ልጄ፣ አሳልፈኝ» ያሉትን ባሻ ጓንጉልንም ክንዳቸውን ሰበረ። አምስት ሆነው ቢመጡበት ስድስት አድርጎ መለሳቸው። ካሳዬ የሚባል የእነ ውቤ ወጣት ነበር፤ እሱ ጠመንጃ ሳይሆን አየር ፈልጎ ነበር ወደ በሩ የሮጠው። ደርቤ ጉልበቱን ቀጠቀጠው። ካሳዬ ዛሬም አንድ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ከቤቱ ውስጥ ካሉት ግን አንድም ሰው ጠመንጃ አልነካም።

አጥናፉ ፍንዳታውን ሰምቶ ከጨለማው ክፍል ወጣ። በጭሱ መሐል ሻረውን ፊቱን ይዞ ሲንፈራፈር አገኘው፤ ሽጉጡን ከእጁ ወስዶ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ያለበት በርሜል ውስጥ ጣለው። ምስሉ ያረፈበትንም መስታወት ከካሜራው አወጣ። ጩኸቱን ሰምተው ውጭ የቀሩት የሁለቱ ቤት ዘመዶች ጠመንጃቸውን አንስተው መንገዱን ለሁለት ከፍለው ቆመው ነበር።

ሰዉ ደክሞት ሲወድቅና በሩ ሲከፈት ባሻ ጓንጉል የተሰበረ ክንዳቸውን ይዘው ጠየቁ። «ተኩስ ነበር? የተኮሰው ማን ነው?»

ያየ የለም። ጎበዜ ጆሮውን ይዞ ደም ያፈሳል፤ እሱም አላየም።

«ዱቄቱ ነው የፈነዳው፤ ጆሮውንም የቆረጠው የቆርቆሮው ስባሪ ነው» አለ አጥናፉ። «ካላመናችሁ ምስሉ ይመስክር። እስኪታጠብ ታገሱኝ።»

በጨለማው ክፍል ምስሉ ወጣ። ሻረው ከነሽጉጡ፣ አፈሙዙ ወደ ጎበዜ ማጅራት ዞሮ፣ ከጥርሱ እስከ ጥፍሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ያ ፎቶ ከበሩ ቢወጣ ከሁለቱ ቤት ድመት እንኳ አይተርፍም። አጥናፉ ምላጩን አነሳ። ሽጉጡን ፋቀ፤ በእርሳስ ባዶ መዳፍ ሠራ። ታትሞ ሲወጣ ሻረው እጁን በጎበዜ ትከሻ ላይ ሊያሳርፍ የዘረጋ ሆኖ ታየ።

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው አለቀሰ፤ ጠመንጃው ወረደ። ጎበዜ ደሙ እየፈሰሰ ሄዶ የሻረውን እግር ሳመ። «ወንድምህን ገደልኩብህ፤ አንተ ግን ለእርቅ እጅህን ስትዘረጋ ዓይንህን አጣህ» አለው። ከዚያ ወዲህ ጎበዜ በየሰንበቱ ሻረውን በክንዱ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያሳልመዋል። ሻረው በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚያስብ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

እርቁ ጸና። ያለምዘውድ ግን «ዓይን አጥፊዋ» ተባለች። እሷ ካሜራው ጋ ከቆመች ሙሽሪት ፊቷን ሸፍና ትወጣለች፤ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ይሸሻሉ። በቸልታ ዱቄት አብዝታ የእርቁን ሰው ያሳወረች ናት ተባለ። እውነቱን ልናገር ብትል ደግሞ ጠመንጃው ይነሳል።

ጋሽ ዘርጋው ዓይናቸው አያይም እንጂ ጣታቸው ያያል። የእርቁን ፎቶ መስታወት አስመጥተው ዳሰሱት፤ የምላጩ ፍቅፋቂ ተሰማቸው። ሦስቱን ጠርተው ጥቁሩን ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሕጌን ሰብራችኋል» አሉ። «ተናገሩ።»

«እኔ እንግዳ መታሁ» አለ ደርቤ። «የካሳዬን ጉልበት አውቀዋለሁ፤ በደጄ ሲያልፍ ቀድሞ የሚሰማኝ እግሩ ነው። ግን በሩ ቢከፈት ኖሮ ዛሬ የሚሳለም ሰው አይኖርም ነበር። እነዚህ ሁለቱ ያደረጉትንም ለማን ያሳዩት ነበር?»

«እኔ ሳልቆጥር አነሳሁ» አለች ያለምዘውድ። «የሰው ዓይን አጠፋሁ፤ ማጥፋቴንም አልክድም። ግን አባባ፣ ወንድም ጋሼ በሩን የዘጋው፣ አጥናፉም ምላጭ ያነሳው እኔ ካየሁት በኋላ ነው። ያየሁ እኔ ነኝ። ካሜራ ማየት ካልሆነ ምንድን ነው?» ወደ ታናሿ ዞረች። «አንተ ግን ሽጉጡን ስትፍቅ እኔንም ፍቀኸኛል።»

«አውቃለሁ፣ እቴቴ» አለ አጥናፉ። «ያንቺን ስም ባልፍቅ ከተማው ይፋቅ ነበር። ዋሽቻለሁ። አንቺ አንድ ሞት አቆምሽ፤ ወንድም ጋሼ የአንድ ቀን ጦርነት አቆመ፤ የእኔ ውሸት ግን ገና ያልተወለዱትን ነው ያተረፈ።»

«በእኔ ስም ሂሳብ ነዋ ያተረፍካቸው።»

«በማን ስም ላትርፋቸው? በሻረው?»

«በራስህ። ዱቄቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ ብለህ ብትወጣ ምን ነበረበት?»

አጥናፉ በጣቱ የመስታወቱን ፍቅፋቂ ዳሰሰ። ደርቤም ታናናሾቹን አይቶ አቀረቀረ። ጋሽ ዘርጋው ጨርቁን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ዝም እንዳሉ ሞቱ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዱ እንግዳውን ሰብሮ እንግዶቹን አዳነ። አንዷ ዓይን አጥፍታ ነፍስ አተረፈች። አንዱ እውነትን ፍቆ ሰላምን ሣለ፤ ቀለሙ ግን የእህቱ ስም ነው። ካሜራውና ጥቁሩ ጨርቅ የሚገባው ለማን ነው?

ከመነሳታችሁ በፊት ግን የማልኩበት ነገር ስላለ አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። ጋሽ ዘርጋው ዝም ብለው ሞቱ ያልኳት የእኔ ፈጠራ ናት። ስም ጠርተዋል። የጠሩትን ስም ብነግራችሁ ግን እናንተ በምን ትከራከራላችሁ?