አህዪት፣ ቆሮሶዎቹና ደጅ ያልቆየው እንግዳ

አንድ ጊዜ፣ አያ ጅቦና አህዪት ገና በአደባባይ ሰላምታ በሚለዋወጡበት ዘመን፣ ዓሣ የሚያረባ አንበሳ ነበር። አንበሳ ዓሣ ሲያረባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ግን አርጅቶ ማደን ሰልችቶት ነበርና፣ ከዋሻው ፊት ባለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ቆሮሶዎች አኑሮ ሲዋኙ እያየ ይውላል። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ዓሣ ናት፤ ልጆቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አንበሳው ይህን ባየ ቁጥር እንባው ይመጣ ነበር።

የገንዳው ጠባቂ አህዪት ነበረች። በየቀኑ ከአሮጌው ውኃ ጥቂት ቀድታ ትደፋና በምትኩ ከምንጭ ንጹሕ ታመጣለች። ምግብ የምትሰጣቸው ወዲያው በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ነው። አዲስ ዓሣ ከመጣም በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ ደጅ ባለው ጋን ውስጥ ለብቻው ይሰነብትና ጤናማነቱ ከታየ በኋላ ነው የሚቀላቀለው።

ደመወዟ ሕይወቷ ነበር። አንበሳው «ገንዳዬ ውስጥ ቆሮሶ እስካለ ድረስ ጅብ አንቺን አይነካም። ዓሣዎቼ ያለቁ ቀን ግን ከለላዬም ያልቃል» ብሏታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ዓሣ ግን ያስጥል ነበር።

ታዲያ አንበሳው ወንድሙ ሞቶበት ለለቅሶ ቆላ የወረደ ጊዜ ቀበሮ ወደ ጅብ ዘንድ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ እስከ መቼ አህያዋን እያየህ ምራቅህን ትውጣለህ?»

«ምን ላድርግ? ዓሣዎቹ አይሞቱልኝም!»

«ይሞታሉ። ማዶ ባለው ኩሬ ዓሣዎቹ ሰውነታቸው ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ያለ ነጭ ነገር ወጥቶባቸው እያለቁ ነው። ከመሀላቸው ገና ምልክት ያልወጣበትን አንዱን እንይዝና ስጦታ ነው ብለህ ትወስድላታለህ። አንድም አይተርፍም! የሞቱት ዓሣዎች ለእኔ፣ አህያዋ ለአንተ።»

ጅብ በጣም አሰበ፤ ማሰብ ደግሞ ያደክመዋል። «ጋን ውስጥ ለብቻው ብታስቀምጠውስ?»

ቀበሮ ሳቀ። «ሕዝብ ፊት ስጣት። የቀረውን ይሉኝታዋ ይጨርሰዋል።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ አራዊቱ ሁሉ ምንጩ ዳር ተሰብስበው ውኃ ሲጠጡ፣ ጅብ በቅል ውኃ ውስጥ ዓሣ ይዞ ከች አለ። ጅብ! ስጦታ ይዞ! አራዊቱ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«እመት አህያ» አለ ጅብ፣ «የድሮውን ቂም ትቼ ለጌታችን ስጦታ አመጣሁ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነውና አስገቢልኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ጅቦ። ለጊዜው ጋኑ ውስጥ ይቆይ።»

ጅብ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ኧረ ጉድ! ኧረ ስሙልኝ! እንግዳ ደጅ ይደር ትላለች!»

«እንግዳ ደጅ ማሳደር ደግሞ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?» አለ ከርከሮ።

«ሹመት እኮ ነው!» አለች ጦጣ ከዛፍ ላይ። «ትናንት ጭነት ስትሸከም የነበረች፣ ዛሬ እንግዳ ትመልሳለች!»

አህዪት ጆሮዋ ወረደ። «ኧረ እኔ እንግዳ ጠልቼ አይደለም። ምናልባት በሽታ ቢኖርበት ብዬ ነው...»

«በሽተኛ አለችው!» ጮኸች ሚዳቋ። «ገና ደጃፍ ሳይረግጥ እንግዳውን በሽተኛ አለችው!»

አህዪት ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። ልቧ «አይሆንም» ይላታል፤ ዙሪያዋን የከበቧት ዓይኖች ግን «አስገቢ» ይሏታል። ምን አደረገች መሰላችሁ? «ለእንግዳው ቦታ ላስለቅቅ» ብላ፣ አፏን በእንቁላል ሞልታ ጥግ ይዛ የተቀመጠችውን አንዷን ቆሮሶ በቀስታ አውጥታ ንጹሑ ጋን ውስጥ ጨመረቻት። ከዚያ እንግዳውን ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው።

እልልታው ቀለጠ! ለእንግዳው ክብር ሲባል ጦጣ ፍራፍሬ፣ ከርከሮ የቆፈረውን ሥራ ሥር፣ ሌላውም ያገኘውን ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይጥል ጀመር። ዓሣዎቹ ጠግበው የተረፋቸው ወደ ታች ዘቀጠ። አህዪት ይህንንም «ተዉ» ለማለት አፈረች።

ውኃው ደፈረሰ፣ ቀጥሎም ሸተተ። እንግዳው ጎኑን ከድንጋይ ጋር ያፋትግ ያዘ። ሰንበት ብሎ የገንዳው አውራ ቆሮሶም መፋተግ ጀመረ። አህዪት ጎንበስ ብላ ብታይ ያ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር በዓሣዎቿ ሁሉ ላይ ተበትኗል! አየር አጥሯቸው አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ።

«ኧረ እኔን! ኧረ እኔን አፈር ይብላኝ!» እያለች ያለ ዕረፍት ከምንጭ ብትመላለስም ጊዜው አልፎ ነበር። አንድ ማለዳ ብትመጣ ገንዳው በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ የአንበሳው ቆሮሶዎች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፈዋል።

አራዊቱ እየሮጡ መጡ። ያ ሁሉ እልል ያለ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ጦጣ ናት፤ «እኔማ ያን እንግዳ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» አለች!

አንበሳው ከለቅሶ የተመለሰው በዚያው ዕለት ነው። ገንዳውን አየ።

ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ወደ ፊት ወጣ። «አለቁ ጌታዬ! ቃልዎን ያክብሩልኝ!»

አንበሳው አህዪትን ላለማየት ፊቱን አዞረ። «ቃል ቃል ነው» አለ።

አህዪት ቀረብ ብላ «ጌታዬ፣ አላለቁም» አለች። «እባክዎ ጋኑን ይዩልኝ።»

አንበሳው ጎንበስ አለ፤ ጅብም አንገቱን አብሮ ሰገገ። ቆሮሷ ጋኑ ውስጥ ከታች ነበረች። አፏን ከፈተች፤ ከአፏም ጥቃቅን ዓሣዎች እየተግተለተሉ ወጡ!

ጅብ በድንጋጤ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። «ኧረ በሰማዩ! የበላቻቸውን ልጆች ተፋቻቸው! ቀበሮ፣ አንድም አይተርፍም ብለኸኝ አልነበር? ያንን በሽተኛ ዓሣ እስከዚህ ድረስ የተሸከምኩት ለዚህ ነው?»

ሁሉም ዞሮ ጅብን አየ። ጅብ የተናገረው የገባው ዘግይቶ ነው፤ የአንበሳው መዳፍ ግን አልዘገየም። ጀርባው ተቧጥሮ እየጮኸ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ በብርሃን ሲወጣ አይታይም። ቀበሮማ «ቀበሮ» የሚለው ስሙ ሲጠራ ገና ተሰውሮ ነበር።

አራዊቱ «እሰይ! አህዪት ተረፈች!» ብለው እልልታቸውን ሊያቀልጡት ሲሉ አንበሳው ዝም አሰኛቸው።

«አህዪት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህችን አንዷን ለምን ጋን ውስጥ ከተትሻት?»

«እንግዳው ታሞ እንደሆነ ብዬ ሰግቼ ነው ጌታዬ።»

«ሰግተሽ ከሆነ ለምን አስገባሽው?»

«አራዊቱ... አራዊቱ ምን ይሉኛል ብዬ።»

አንበሳው ወደ ገንዳው አመለከተ። «ጅብና ቀበሮ ጠላት ናቸው፤ የጠላት ሥራቸውን ሠሩ። ለአንዷ የሰጋሽውን ያህል ለእነዚህ ብትሰጊላቸው ኖሮ ግን ሁሉም ይኖሩ ነበር።»

አህዪት የሞቱትን ዓሣዎች አንድ በአንድ እያወጣች ስትቀብር ዋለች፤ ሊያግዛት የተጠጋ እንግዳ ወዳድ ግን አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው በሽታ የሚከለከለው ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ እንደሆነና፣ እያወቀ በይሉኝታ ያንን በር የሚከፍት ጠባቂ ከጠላት ያላነሰ ጥፋት እንደሚያደርስ ነው።