የዱባ ጉድጓድ የያዘችው ዶሮ

ተረቴን ላቀብላችሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ እየከበደች ነው የምትሄደው፤ አጥብቃችሁ ያዟት።

በወሎ፣ ድንጋይ በበዛበት አንድ መንደር፣ ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ አብረዋት ያሉት አምስት ዶሮዎች፣ አንዲት ድመትና ጥቂት መደብ ጎመን ናቸው። ጠዋት ትነሳለች፣ ጓሮዋን ትጠርጋለች፣ ለዶሮዎቿ ጥሬ ትበትናለች፣ ጎመኗን ትኮተኩታለች፤ ከዚያ ወገቧን ይዛ ሰማይ ሰማይ ታያለች። በልግ ሲቃረብ ሰማይ ማየት ራሱ ሥራ ነው።

ጦይባ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዲት የዱባ ፍሬ መዝራት። ዘሩ እናቷ ያወረሷት ነው፤ ውስጡ እርድ የመሰለ፣ አንዱ ዱባ ለሦስት ቤት የሚበቃ። አምና ግን አይጥ የዘሩን ቅል በስታ ሁሉንም ጨረሰችውና አንዲት ፍሬ ብቻ ተረፈች። "ይቺ ዘንድሮ ካልበቀለች የእናቴ ዱባ ከምድር ጠፋ" አለች ጦይባ። እውነቷን ነው፤ ዘር ሲከርም ይመክናል።

ጓሮዋ ደግሞ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከአንድ ወር በፊት ከአጥሩ ሥር አንድ ጉድጓድ ቆፈረች፣ ድንጋዩን በእጇ ለቀመች፣ አፈርና ፍግ በቅርጫት እየተሸከመች ሞላችው፣ አመድ ነሰነሰችበት፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ገለባ አልብሳ ተወችው። ለስላሳ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ነፋስ አይደርስበትም። እስቲ ፍረዱ፤ ይህን ቤት ለዱባ ሠራችው ወይስ ለዶሮ?

በዚያው ሰሞን ገብስማ ዶሮዋ ጠፋች። ጦይባም "ሸለምጥማጥ በላብኝ" ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ በዛባትና ተወችው።

አንድ ጠዋት ከተራራው ጀርባ ደመና ብቅ አለ። የበልግ ዝናብ ጠባዩ አይታመንም፤ አንድ ቀን ይዘንብና ወር ይጠፋል፤ ዘር መሬት ገብቶ ካልጠበቀው አለፈ ማለት ነው። ጦይባ ፍሬዋን በመዳፏ ጨብጣ ሮጠች፣ ገለባውን ገለጥ አደረገች፤ ሁለት ዓይን አፈጠጠባት! ገብስማ ዶሮ ላባዋን ነፍታ፣ እንቁላሏን ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

"አንች! አለሽ እንዴ?" ጦይባ ከደስታዋ ብዛት እልል ልትል ነበር። ከዚያ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ትዝ አላት። "በይ ተነሽ ገብስማ፤ ዘሬን ልዝራ፣ ዝናብ ደረሰ።"

"አልነሳም" አለች ዶሮዋ።

ጦይባ ልታነሳት እጇን ብትሰድ ጠቅ አደረገቻት። አትሳቁ፤ በዚህ የሚስቅ የታቀፈች ዶሮ ቀምሳው የማታውቅ ሰው ብቻ ነው።

ጦይባ እጇን እያሻሸች ወደ ድመቷ ሄደች። "ውሮ፣ ውሮዬ! ዶሮ አልነሳም አለች፣ ዘር አልተዘራ፣ ዝናብ ደረሰ። ነይ አስነሽልኝ።"

"አልመጣም" አለች ድመቷ ከጎታው ሥር። "ልጆቼ ዛሬ ዓይናቸውን ገለጡ። ያ ዳለቻው፣ እዪው፣ ገና አሁን አየኝ።" ጦይባ ጎንበስ አለች። ምንም አይተው የማያውቁ ሰማያዊ ዓይኖች ከጨለማው ውስጥ አዩዋት። በዓለም ላይ ካዩት ነገር ሁሉ ሁለተኛዋ እሷ ናት። "አጃኢብ!" አለች። ቢሆንም ደመናው አይጠብቅም።

በአጥር ከምትዋሰናቸው ከጋሼ ይመር ቤት ገባች። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"እንደምን አደሩ ጋሼ ይመር? ውሻዎን ፈልጌ ነበር።"

"አልሐምዱሊላህ፤ ያውልሽ፣ ከታዘዘልሽ።"

"ውሻው፣ ድመት ዶሮ አላስነሳም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፣ ዘር አልተዘራ፣ ዝናብ ደረሰ። ድመቷን አባርርልኝ።"

"አልሄድም" አለ ውሻው። "ፍየሏ ጎህ ሲቀድ ወልዳ ግልገሏን ጠብቅ ብላኛለች። ይኸው ሊቆም ነው።" ግልገሉ አራት እግሩን አራት ቦታ ጥሎ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳና ቆመ። ውሻው ጅራቱን ለመወዝወዝ እንኳ ፈራ። "ስልሳ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ" አሉ ጋሼ ይመር፤ "ግልገል በቆመ ቁጥር ግን እኔም አብሬ እቆማለሁ።" እውነትም ቆመዋል።

ጦይባ ወደ አጥሩ ዞረች። ቀዳዳውን ለመድፈን ጋሼ ይመር አምና የሰኩት የኮርች ዱላ አለ። "ዱላው፣ ውሻ ድመት አላባርርም አለ፣ ድመት ዶሮ አላስነሳም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፣ ዘር አልተዘራ፣ ዝናብ ደረሰ። ውሻውን ምታልኝ።"

"አልመታም" አለ ዱላው። "አይተሽኛል?" ከደረቀ ቅርፊቱ መሐል የጥፍር ያህል አንዲት ቅጠል ወጥታለች። ጦይባ ልትነቅለው ሳብ ብታደርገው መሬቱ አልለቀው አለ፤ ሥር ሰዷል።

"ሱብሐን አላህ!" አሉ ጋሼ ይመር። "በዚህ ዱላ እኮ አህያ ነድቼበታለሁ!" ቅጠሏን በጣታቸው ጫፍ ነኩና እጃቸውን ቶሎ መለሱ።

ቀጥሎ እሳት ያስፈልጋል። የጦይባ ምድጃ እሳት እሷ ጓሮ ለጓሮ ስትሮጥ ጠፍቷል፤ ስለዚህ የጋሼ ይመር ልጅ ሰዓዳ ዘንድ ሄደች። ሰዓዳ አራስ ናት፣ ከወለደች አራት ቀኗ ነው።

"ግቢ እትየ ጦይባ፤ በሩን ግን ቶሎ ዝጊው።"

"እሳቱን ላነጋግር ነው፣ አልቆይም። እሳት ሆይ፣ ዱላ ውሻ አልመታም አለ፣ ውሻ ድመት አላባርርም አለ፣ ድመት ዶሮ አላስነሳም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፣ ዘር አልተዘራ፣ ዝናብ ደረሰ። ዱላውን አቃጥልልኝ።"

"ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አለ እሳቱ። "ትናንት የሕፃኗ እጅ ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ ሞቀ። እንኪ፣ ንኪውና እዪ።" ጦይባ አንድ ጣቷን ብትዘረጋ ሕፃኗ ጭብጥ አደረገቻት። ከየት የመጣ ጉልበት ነው? ከአራት ቀን በፊት እዚህ ያልነበረ ሰው ጣቷን ይዞ አልለቅም አለ። በሌላው እጇ የጨበጠችው ፍሬ እንኳ ተረስቶ ነበር። ሰዓዳ "እኔንም እንዲህ ነው የምታደርገኝ፤ እሷን ሳይ ወጤ ያርራል" ብላ ሳቀች።

እኔስ የት ደርሼ ነበር? ውሃው ዘንድ። ጦይባ ቁልቁል ወደ ምንጩ ወረደች። "ውሃ ሆይ፣ እሳት ዱላ አላቃጥልም አለ፣ ዱላ ውሻ አልመታም አለ፣ ውሻ ድመት አላባርርም አለ፣ ድመት ዶሮ አላስነሳም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፣ ዘር አልተዘራ፣ ዝናብ ደረሰ። እሳቱን አጥፋልኝ።"

"አልወጣም" አለ ውሃው። "ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና ወደ ውስጥ እዪ።" ትናንት ራስና ጅራት ብቻ የነበሩት የእንቁራሪት ልጆች ዛሬ እግር አብቅለዋል። አንዱ አዲሱን እግሩን ዘረጋው፣ ሰበሰበው፣ ደግሞ ዘረጋው፤ የእሱ መሆኑን ገና እያረጋገጠ ነው። ጦይባ ከምንጩ ዳር ተንበረከከች። ምን ልትለምን እንደመጣች አስታውሳ እስክትነሳ ድረስ ደመናው ተራራውን ግማሽ አለፈ።

ቀና አለች። "ፀሐይ ሆይ፣ ውሃ እሳት አላጠፋም አለ፣ እሳት ዱላ አላቃጥልም አለ፣ ዱላ ውሻ አልመታም አለ፣ ውሻ ድመት አላባርርም አለ፣ ድመት ዶሮ አላስነሳም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፣ ዘር አልተዘራ፣ ዝናብ ደረሰ። ውሃውን አድርቂልኝ።"

"አላደርቅም" አለች ፀሐይ። "የጋሼ ይመርን ኮክ እያስፈነዳሁ ነው። አንድ እንቡጥ ቀርቶኛል።" ጦይባ ዘወር ብትል ጠዋት ባዶ እንጨት የነበረው ዛፍ ሮዝ ሆኖ ቆሟል። በአጠገቡ አልፋ ሄዳ አላየችውም ነበር!

አሁን ማን ቀረ? ደመናው ብቻ። ጠዋት ሙሉ በልቧ "አትምጣብኝ፣ ትንሽ ቆይልኝ" ስትለው የቆየችው ደመና። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ጦይባ ግን የፈራችውን በገዛ አፏ ልትጠራው ነው።

"ደመና ሆይ፣ ፀሐይ ውሃ አላደርቅም አለች፣ ውሃ እሳት አላጠፋም አለ፣ እሳት ዱላ አላቃጥልም አለ፣ ዱላ ውሻ አልመታም አለ፣ ውሻ ድመት አላባርርም አለ፣ ድመት ዶሮ አላስነሳም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፣ ዘር አልተዘራ፣ አንተም ደረስህ። ፀሐይን ጋርድልኝ።"

"እሺ" አለ ደመናው። ድምፁ ተራራውን አንቀጠቀጠው። "እነሱ የያዙት የየራሳቸውን ነው። እኔ የተሸከምኩት የሁላችሁንም ነው። ግን አንዴ ከተነሳሁ አልመለስም፤ እጅሽ ይፍጠን።"

ደመናው ፀሐይን ሊጋርድ ተነሳ። "አትጋርደኝ፣ ውሃ አደርቃለሁ" አለች ፀሐይ። "አታድርቂኝ፣ እሳት አጠፋለሁ" አለ ውሃ። "አታጥፋኝ፣ ዱላ አቃጥላለሁ" አለ እሳት። "አታቃጥለኝ፣ ውሻ እመታለሁ" አለ ዱላ። "አትምታኝ፣ ድመት አባርራለሁ" አለ ውሻ። "አታባርረኝ፣ ዶሮ አስነሳለሁ" አለች ድመት። ልጆቿን አንዴ ዞር ብላ አየች፣ ጥፍሯን አወጣች፣ በሆዷ እየተሳበች ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

ድመት ከፊት፣ ውሻ ከድመት ኋላ፣ ጋሼ ይመር ከውሻው ኋላ፣ ጦይባ ከሁሉም ኋላ እያለከለከች። ድመቷ ስንዝር ሲቀራት ገብስማ ላባዋን ነፋች፤ ዓይኗንም ከድመቷ ላይ አልነቀለችም። ያን ጊዜ ጦይባ በማን ላይ እንደጨከነች ገባት።

"ተይ ውሮ! ተይ!" ብላ ጮኸች። "ዘሩም ይቅር! የእናቴ ዱባ ይቅር!"

ድመቷ ቆመች። ሁሉም ቆመ። በዚያ ዝምታ መሐል ከዶሮዋ ሆድ ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ።

"ጪው።"

ድመቷ ጥፍሯን አስገባች። ውሻው ተኛ። ጋሼ ይመር ቆባቸውን አወለቁ። ደመናውም፣ አልመለስም ያለው ደመና፣ እዚያው ቀጥ አለ። ድመት ያላስነሳቻት፣ ውሻ ያላስነሳት፣ ዱላና እሳት፣ ውሃና ፀሐይ ያላስነሷት ዶሮ፣ የምስር ፍሬ በምታህል ምንቃር ተነሳች።

ስምንት ጫጩቶች ትናንት ተፈልፍለው፣ ደርቀው፣ ከላባዋ ሥር ተሸሽገው ኖሯል። ይኸኛው የመጨረሻው ነው። እሱን ስትጠብቅ ነው አልነሳም ያለችው። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ እርጥብ ነገር፣ ዓይን ብቻ የሆነ ነገር፣ ተንፏቆ ወጣ፣ ድመቷን አየና "ጪው" አላት። ድመቷም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ጦይባ አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ብትጠየቅ አታውቀውም።

ገብስማ ስምንቱን አስከትላ ወደ ቤቱ ጥግ ሄደች፤ እርጥቡን ጋሼ ይመር በቆባቸው ተሸክመው ተከተሏት። ጦይባ ተንበረከከች፣ ቅርፊቱን ጠረገች፣ እጇን ወደ አፈሩ አስገባች። አፈሩ ይሞቃል፤ ዶሮዋ ሙቀቷን ትታላታለች። ፍሬዋን አስገባች፣ አፈር መለሰችባት፣ መዳፏን ጫነችባት። የእጇ ጀርባ ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች፤ ከዚያ ሁለተኛ፤ ከዚያ ማን ቆጥሮት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ይመር ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። "ጦይባ! ሰዓዳ ልትታጠብ ነው፤ እስቲ መጥተሽ ልጅቷን ያዥላት!"

ደግመው ተጣሩ።

"አልመጣም ጋሼ ይመር!" አለች ጦይባ ከጉድጓዱ ዳር፣ በሆዷ ተኝታ። "ራሷን አወጣች! አሁን፣ እያየኋት!"

ጋሼ ይመር አልተቆጡም። በእርጅና ጉልበታቸው አጥሩን ተሻግረው መጥተው አጠገቧ ተንበረከኩ።

እኔም ተረቴን ዘራኋት፤ ውሃውን እናንተ አጠጧት።