አልሰነጠቅ ያለው ዋንዛ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ልነግራችሁ ነው። ሳቅ የፈለገ ሌላ ቀን ይምጣ፤ የዛሬው የሐዘን ነው።

ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃ በሚውጣት አንዲት ትንሽ ከተማ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት የእንጨት መሰንጠቂያ ትቶላት ሄደ፤ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር፣ አንድ ክብ መጋዝ፣ ከላያቸው የዛገ ቆርቆሮ። ሰው ግንዱን በበሬ አስጎትቶ ያመጣል፤ እሷ በጠየቀው ልክ ሰንጥቃ ትሰጠዋለች። በር ለሚያሠራ ለበር፣ አልጋ ለሚያሠራ ለአልጋ። «አንጓች እንጨት እንጂ ነገር አትሰነጥቅም» ይሏት ነበር፤ ዝምተኛ ናትና።

በነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ አንድ ጠዋት ፈጠነ የሚባል ገበሬ ወደ መሰንጠቂያው መጣ። ኩታውን አዘቅዝቆ ለብሷል። አንጓች ስታየው ገባት።

«ይታይሽ?» አለችው። ይታይሽ ሚስቱ ናት፤ ብዙ ጊዜ ታማ ተኝታ ነበር።

«ዐረፈች። ዶሮ ሲጮህ።»

«እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«ሳጥኔን ከዋንዛው አሠራልኝ ብላኛለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው።»

ዋንዛው ከአንጓች ግቢ ጥግ ተጋድሟል። ያን ዛፍ የማያውቅ ሰው የለም። የበቀለው በይታይሽና በወንድሟ በልየው ማሳ ድንበር ላይ ነው። ልየው የአባቴ ነው አለ፤ ፈጠነ የሚስቴ ድርሻ ነው አለ። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ፤ በመጨረሻ ፈጠነ መጥረቢያውን ይዞ ሄደና ጣለው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ይታይሽም ወንድሟን በሩቁ እያየች ታመመች፤ በሩቁ እያየች ሞተች።

አንጓች ግንዱን አስነሥታ ከመጋዙ አልጋ ላይ አስጫነችና ሞተሩን አስነሣች። መጋዙ ዞረ። አንድ ክንድ እንኳ ሳይገባ ቺንጋው፣ ያ ሞተሩን ከመጋዙ ጋር የሚያያይዘው ሰፊ የቆዳ ቀበቶ፣ ከስፌቱ ተበጥሶ ግድግዳውን መታ። ተለዋጭ ያለው ከትልቁ ከተማ ነው፤ የዚያን መንገድ ደግሞ ወንዝ ሞልቶ ዘግቶታል። በእጅ መጋዝ እንሳበው ቢባል ያን የሚያህል ዋንዛ ቀን ያስመሻል፣ ሌላ ቀንም ይጨምራል። ሬሳ ያን ያህል አይጠብቅም።

እንግዲህ ይታይሽ ሳጥን ትጠብቃለች። ዋንዛው ያለ መጋዝ አልሰነጠቅ አለ፤ መጋዙ ያለ ቺንጋ አልዞር አለ።

አንጓች ቺንጋውን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ከገበያው ጀርባ ኮርቻ ወደሚሠራው ወደ ሙጨ ሄደች።

«ጋሼ ሙጨ፣ ይሄን ይስፉልኝ። ይታይሽ ሳጥን ትጠብቃለች። ዋንዛው ያለ መጋዝ አልሰነጠቅ አለ፤ መጋዙ ያለ ቺንጋ አልዞር አለ።»

ሙጨ ሽማግሌ ነው፤ ቺንጋውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የሚሰፋበትን ጠፍር አወረደና አጠፈው። ጠፍሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«አየሽ? ደርቋል። ሞራ ካልጠጣ መርፌ አይከተልም።»

«ቅቤ ላምጣልዎት?»

«ቅቤ ያንሸራትታል፤ ቺንጋሽ እየወረደ ያስቸግርሻል። ሞራ ነው የሚሆነው።»

«በጾም ሞራ ከየት ይመጣል?»

ሙጨ አቀርቅሮ ጠፍሩን አገላበጠ። «ከጾሙ በፊት ልየው በሬው ገደል ገብቶበት አርዶት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሞራውን አቅልጦ በቅል አስቀምጧል።»

አንጓች የልየውን ስም ስትሰማ ቀና ብላ ወደ ዳገቱ አየች።

ይታይሽ ሳጥን ትጠብቃለች። ዋንዛው ያለ መጋዝ አልሰነጠቅ አለ፤ መጋዙ ያለ ቺንጋ አልዞር አለ፤ ቺንጋው ያለ ጠፍር አልሰፋ አለ፤ ጠፍሩ ያለ ሞራ አልለሰልስ አለ።

የልየው ቤት ከዳገቱ ላይ ነው። አንጓች በዝናብ እየተንሸራተተች ወጣች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ከጣራው ጭስ አይወጣም።

«ቤቶች» አለች።

«ማነው?»

«አንጓች ነኝ፣ ጋሼ ልየው። ትንሽ ሞራ ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

«ለምን?»

አንጓች ቢጨንቃት እንዳለ ዘረገፈችው። «ሳጥን ይጠበቃል። ዋንዛው ያለ መጋዝ አልሰነጠቅ አለ፤ መጋዙ ያለ ቺንጋ አልዞር አለ፤ ቺንጋው ያለ ጠፍር አልሰፋ አለ፤ ጠፍሩ ያለ ሞራ አልለሰልስ አለ።»

ከውስጥ የእግር ድምፅ ወደ በሩ ቀረበ።

«የማን ሳጥን?» አለ ልየው።

«ጥሩምባውን አልሰሙም?»

«ጥሩምባማ ሰማሁ። ጥሩምባ ለአገር ነው የሚነፋው። ለኔ ግን የነገረኝ የለም።»

«እንግዲያው እኔ ልንገርዎት፣ ጋሼ…»

«አንቺ አትንገሪኝ» አለ፤ ድምፁ ተሰባበረ። «እኔ ወንድም ነኝ። መርዶ የሚነገረኝ ከቤቷ ነው። ፈጠነ መጥቶ እስኪነግረኝ እህቴ አልሞተችም። በሩም አይከፈትም።»

አንጓች ዳገቱን ወረደች። ይታይሽ ሳጥን ትጠብቃለች። ዋንዛው ያለ መጋዝ አልሰነጠቅ አለ፤ መጋዙ ያለ ቺንጋ አልዞር አለ፤ ቺንጋው ያለ ጠፍር አልሰፋ አለ፤ ጠፍሩ ያለ ሞራ አልለሰልስ አለ፤ ሞራው ያለ ልየው አልወጣ አለ፤ ልየው ያለ መርዶ በር አልከፍት አለ።

ፈጠነ ከልቅሶው ድንኳን አፍ ላይ ተቀምጧል። ከውስጥ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። አንጓች ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው።

«አልሄድም» አለ።

«ጋሼ ፈጠነ፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።»

«መታመሟን አገር ሰምቷል። እሱ አንድ ቀን ጠይቋታል? መጀመሪያ እሱ መጥቶ ይቅርታ ይበለኝ። ያለዚያ በሰሌን ትቀበር። ስንቱ በሰሌን ተቀብሯል።»

እነሆ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ቆመ። ይታይሽ ሳጥን ትጠብቃለች። ዋንዛው ያለ መጋዝ አልሰነጠቅ አለ፤ መጋዙ ያለ ቺንጋ አልዞር አለ፤ ቺንጋው ያለ ጠፍር አልሰፋ አለ፤ ጠፍሩ ያለ ሞራ አልለሰልስ አለ፤ ሞራው ያለ ልየው አልወጣ አለ፤ ልየው ያለ መርዶ በር አልከፍት አለ፤ ፈጠነም ያለ ይቅርታ መርዶ አልናገር አለ።

አንጓች ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ግን ከፈጠነ አጠገብ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አምና ግንዱን ለበር ሰንጥቂልኝ ብለው ያመጡ ጊዜ፣ በማግስቱ ይታይሽ መጣች» አለችው። «ዱላ ተደግፋ። አትሰንጥቂው፣ በር አይሆንም አለችኝ። ምነው ስላት፣ ይሄ እንጨት ወንድሜን ከቤቴ ያስቀረ እንጨት ነው፤ በር ሆኖ ደግሞ በየቀኑ ላየው ነው? እኔ ስሞት አብሮኝ ይግባ፤ ከመሬት በላይ ከቆየ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይፋጁበታል አለችኝ። ለርስዎ እንዳልነግር ለመነችኝ፤ እኔም ዛሬ ነገ እያልሁ አቆየሁብዎት። አሁን ግን እሷ የለችም።»

ፈጠነ በእጆቹ ጉልበቱን ተመርኩዞ ተነሣና ወደ ዳገቱ መንገድ ገባ። አንጓች ተከተለችው።

ከልየው በር ሲደርስ ቆመ።

«ልየው» አለ።

እጁን ከበሩ ላይ አሳረፈ።

«እህትህ ሞተች።»

መቀርቀሪያው ተሳበ። ልየው ብቅ አለ፤ ዓይኑ አብጧል፤ ከጠዋት ጀምሮ ለብቻው ሲያለቅስ መዋሉ ያስታውቃል።

«ስሜን ጠራች?» ብሎ ጠየቀ።

ፈጠነ መሬት መሬቱን አየ። ጠርታ አታውቅም ቢል ይቀለው ነበር።

«ጠራች። ጥሩት አለችኝ፣ ደጋግማ። እኔ ነኝ ያልላክሁብህ።»

ልየው ግንቡ እንደ ተናደበት ቤት እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ። ፈጠነን አልመታውም፤ አልሰደበውምም። እንዲያ ቢያደርግ ይሻል ነበር ትላለች አንጓች። ዝናቡ በሁለቱም ላይ ወረደ። በኋላ ልየው ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ፣ ወደ ጓዳ ገባ፣ ቅሉን ይዞ ወጣና ለአንጓች ሰጣት።

ከዚያማ ምን አለ፤ ፈጠነ መርዶ ተናገረ፣ ልየው በሩን ከፈተ፣ ሞራው ወጣ፣ ጠፍሩ ለሰለሰ፣ ቺንጋው ተሰፋ፣ መጋዙ ዞረ፣ ዋንዛው ተሰነጠቀ። አንጓች ሣንቃውን አንድ ባንድ እየተቀበለች ሳጥኑን ለሚሠራው አናጢ አቀበለች። የዋንዛ ሽታ ግቢውን ሞላው። ይታይሽ ሳጥኗን አገኘች።

ሊመሽ ሲል አስከሬኑ ተነሣ። ከፊት ልየው ትከሻውን አገባ፤ ከኋላው ፈጠነ። ይቅር ሲባባሉ የሰማ ሰው የለም፤ ቀና ብለውም አልተያዩም። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጠባብ ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ርጥብ ሣንቃም ይከብዳል። አንዱ ሲያዘግም ሌላው ያዘግማል፤ አንዱ እግሩን ሲነቅል ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ እየተጠባበቁ እስከ መቃብሩ ወሰዷት።

እኔም የሰማሁት እስከዚያው ድረስ ነው።