የሸተተ ሞቷል

ግዛቲቱ የምትገኘው በአንድ ጡረተኛ የሳይንስ መምህር ቤት፣ በመጻሕፍት መደርደሪያው ሁለተኛ እርከን ላይ፣ በመዝገበ ቃላትና በቆመ ሰዓት መካከል ነበር። አራቱም ድንበሯ የአንድ ሣጥን መስታወት ስለሆነ የወሰን ክርክር አያውቃትም። ሁለት መቶ የሚያህሉ ጉንዳኖች ይኖሩባታል። ከሣጥኑ ወለል ላይ እንደ ጣት የቀጠነች የመስታወት ቱቦ ተጋድማለች። በቱቦዋ መጨረሻ ውሃ አለ፤ ውሃው እንዳይፈስ በጥጥ ተወትፏል፤ ጉንዳኖቹም ጥጡን እየመጠጡ ይጠጣሉ። እናቲቱ፣ እንቁላሉ፣ እጮቹ፣ ባጠቃላይ አገር የሚባለው ነገር ሁሉ ያለው በዚያች ቱቦ ውስጥ ነው። ሌላው አሸዋ ነው።

ብዙ ሰው ጉንዳንን የምትገዛው እናቲቱ ትመስለዋለች። እናቲቱ ትወልዳለች እንጂ አትገዛም፤ ቀን ከሌት እየወለዱ ስለ አገር ማሰቢያ ጊዜ ከየት ይመጣል? የምትገዛው በር ላይ የቆመችው ነበረች። አጋፋሪ ይሏታል። ሠራተኛ ጉንዳን ሁሉ ሴት ነው፤ አጋፋሪም ሴት ነበረች፤ ጭንቅላቷ ግን የሌሎቹን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጭንቅላቱ ለማሰብ ያን ያህል አልጠቀማትም። የጠቀማት ሌላ ነው። መምህሩ የቱቦዋን አፍ በቡሽ ደፍነው አንዲት ቀዳዳ ትተው ነበር፤ የአጋፋሪ ጭንቅላት ለዚያች ቀዳዳ የተለካ ይመስል ልክክ ብሎ ይገጥማል። ስትሰካው በር ተዘጋ፤ ስትነቅለው ተከፈተ። የሚወጣም የሚገባም በእሷ ሳይዳሰስ አያልፍም። «እናቲቱ እንዲህ ብላለች» የምትለውም እሷው ናት። እናቲቱን ሄዶ የጠየቀ ግን የለም።

የአገሩ ሕግ አንድ ነበር። ጉንዳን ሙትን በዐይኑ አይለይም። አንዷ ስትሞት ሁለት ቀን ያህል እንደተኛች ትቆጠራለች፤ በሦስተኛው ቀን ሽታዋ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከሬሳ ተሸካሚዎቹ ቀድማ ያሸተተችው አንሥታ ከሣጥኑ ጥግ ካለው የሙታን ክምር ትጥላታለች። «የሸተተ ሞቷል» ይባላል። መጥፎ ሕግ አልነበረም፤ አገሩን ከስንት በሽታ ጠብቆታል።

አንድ ቀን አጋፋሪ በር ላይ የቀረ ሬሳ ስትገፋ ሽታው እግሯ ላይ ቀረ። በዚያው እግሯ፣ ራት አነሰኝ ብላ የምታጉረመርም አንዲት ሠራተኛን ገፋ አደረገች። ወዲያው ተሸካሚ ደርሳ አጉረምራሚዋን አነሣቻት፤ እንደተወራጨች፣ እንደጮኸች ወስዳ ክምሩ ላይ ጣለቻት። አጋፋሪ ይህን ልብ አለች። ከዚያ ወዲህ በቡሹ ስንጥቅ ውስጥ እግሯን የምታብስበት አንድ የሬሳ እግር ጠፍቶ አያውቅም። የሚያጉረመርምም እየጠፋ ሄደ።

ከዚያ ውሃው ማለቅ ጀመረ። ጥጡ መጀመሪያ ብጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ሻገተ። እጮቹ ቆዳቸው መጨማደድ ያዘ። መምህር ደምሰው በማጉያ መነጽራቸው አይተው አዲስ ቱቦ በንጹሕ ውሃ ሞልተው ከአሮጌው ትንሽ ራቅ አድርገው አስቀመጡ። ለዚህኛው ቡሽ አላገኙለትም፤ አፉ እንደተከፈተ ነው።

«ምናለ አንሥተህ ብታዛውራቸው?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ከትከሻቸው በላይ አንገታቸውን አስግገው።

«እናትየዋ ከደነገጠች የገዛ እንቁላሏን ትበላለች፣ አልጌ። ራሳቸው አይተው ይግቡ።»

«እስኪያዩ ቢያልቁስ?»

«እየመዘገብኩ ነው» አሉ መምህሩ።

ከቱቦዋ ነዋሪዎች አዲሱን ውሃ ቀድማ ያገኘችው ዱካ የምትባል አሳሽ ነበረች። እየሮጠች ተመለሰች፤ ሠራተኞቹም ከሻገተው ጥጥ ሥር ለጉባኤ ተሰበሰቡ።

«ውሃ አግኝቻለሁ» አለች ዱካ። «ሩቅ አይደለም። ጥጡ ነጭ ነው። እጮቹ ከሁለት ቀን በላይ አይቆዩም፤ ዐይናችሁ እያየ ነው። ዛሬውኑ እንነሣ።»

«አፏን ሽተቱት፤ እውነቷን ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል» አለች አንዲት ሞግዚት። ጉባኤው ተንሾካሾከ።

አጋፋሪ ከበሩ ጭንቅላቷን ነቅላ ዞረች። «ልጄ፣ ስለ ድካምሽ እናቲቱ አመስግናሻለች። ለመሆኑ በሩ እንዴት ነው?»

«ሰፊ ነው፣ እሜቴ። አምስት ሆነን ጎን ለጎን እንገባለን።»

ለሌላው ይህ የምሥራች ነበር። አጋፋሪ ግን ይህን በሰማች ጊዜ ጭንቅላቷ ያን በር እንደማይዘጋው አወቀች። «አምስት ወዳጅ ከገባ አምስት ጠላትም ይገባል» አለች። «በር የሌለው ቤት ሜዳ ነው። ደግሞ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ይህን አባቶቻችን ብለውታል።»

ጉንዳን አባቱን አያውቅም። ቢሆንም ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ። ያቺው ሞግዚት «ዝም አይነቅዝም» ብላ የሻገተውን ጥጥ ወደ መጥባቷ ተመለሰች።

«እናንተ ባትሄዱ እኔ በአፌ አመላልስላችኋለሁ» አለችና ዱካ ወደ በሩ ሄደች። አጋፋሪ መንገድ ለቀቀችላት። ስታልፍ ማጅራቷን በእግሯ ዳበስ አደረገቻት፤ የእናት ዳበሳ ይመስል ነበር።

ዱካ አሸዋው ላይ ሦስት ርምጃ ሳትሄድ ከኋላ ወገቧን ተያዘች። ያነሣቻት ትከሻ ነበረች፤ ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ብርቱዋ፣ ከዱካ ጋር በአንድ ቀን የተፈለፈለች፣ አንድ አፍ ያበላቸው እኅቷ።

«ትከሻ! እኔ ነኝ እኮ፤ ዱካ ነኝ!»

«አውቄሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሸተትሽ» አለች ትከሻ። እግሯ አላቆመም። ክምሩ ላይ በጥንቃቄ አስተኛቻትና ሳትዞር ሄደች።

ዱካ አለቀሰች። ከሬሳው መካከል የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ስታይ ደግሞ በድንጋጤ ደረቀች።

«እንኳን በደኅና ሞትሽ» አላት አንድ ድምፅ። ያቺ ስለ ራት ያጉረመረመችው ነበረች፤ አሁን አንድ እግር ጎድሏት አርጅታለች። ከኋላዋ ሌሎች አሥር ቆመዋል፤ ሁሉም በሕይወት ያሉ ሙታን ናቸው። «ሽታው ይታጠባል» አለች አሮጊቷ። «እግርሽን፣ ሆድሽን ራስሽ ትልሺዋለሽ። ማጅራትሽ ላይ ግን አትደርሺም፤ ለዚያ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። የላሰችሽም አፏ ለጥቂት ጊዜ ይሸታል። እዚህ ግን ማንም ማንንም ስለማያሸት ግድ የለም። ነይ፣ ጎንበስ በይ።»

ታጠበች። ከአዲሱ ቱቦ ጠጣች፤ የክምሩ ሰዎች ያን ውሃ መምህሩ ካስቀመጡት ቀን ጀምሮ ያውቁታል። «እዚሁ ኑሪ» አሏት። «ብትመለሽ እንደገና ትገድልሻለች።»

«እጮቹስ?» አለች ዱካ።

ጉንዳን ሁለት ሆድ አለው፤ አንዱ የራሱ ነው፣ ሌላው የጋራ። በጋራው ሆዱ ያመጣውን አፍ ለአፍ ያካፍላል። ዱካ የጋራ ሆዷን እስኪወጠር በውሃ ሞልታ ወደ አሮጌው በር ተመለሰች።

«አንቺ ሞተሽ አልነበረም?» አለች አጋፋሪ።

«ተሳስተው ነው፣ እሜቴ።»

«እኛ አንሳሳትም» አለችና ዳበሰቻት።

ትከሻ እንደገና አነሣቻት። በዚህ ጊዜ ዱካ አልተወራጨችም። የእኅቷ ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቆ አየችና አንገቷን ጠምዝዛ አፏን ከአፏ አገናኘች። ትከሻ ሳታስበው ጠጣች። መንገድ መካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሙት ውሃ አያጠጣም» አለች።

«አያጠጣም» አለች ዱካ።

ትከሻ መንገዷን አዞረች። ከዚያ ዱካን ወደ ክምሩ ሳይሆን ወደ አዲሱ ውሃ ወስዳ አስቀመጠቻት፤ ራሷም ጠጥታ፣ ሆዷን ሞልታ ተመለሰች። ከቀብር የምትመለስ ተሸካሚ ብቻ ሳትፈተሽ ታልፋለች። ውሃውን ለእጮቹ አጠጣች፤ ለሞግዚቶቹም በየጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው።

በማግስቱ የሆነውን መምህሩ ሦስት ጊዜ መነጽራቸውን ወልውለው ነው ያመኑት። ሠራተኞቹ በር ላይ ተሰልፈው ተራ በተራ አጋፋሪን መዝለፍ ጀመሩ። «እሜቴ፣ ጭንቅላትዎ ትልቅ ነው፤ ምነው ውስጡ አልተከራየም?» ትላለች አንዷ፤ ትዳበሳለች፤ ትሞታለች፤ ትወሰዳለች። «እናቲቱ እንዲህ አለች የሚሉት፣ እናቲቱ ያውቁዎታል ወይ?» ትላለች ሌላዋ። የምትዘልፈው ሁሉ አንድ እጭ አቅፋ ነው። «የታቀፈውስ?» ብላ አጋፋሪ ስትጠይቅ «አብሮ ሸቷል፣ እሜቴ» ይላሉ ተሸካሚዎቹ። እስከ ቀትር መቶ ሃምሳ ሰው ሞተ። ለመሞት እንዲህ የተጋፋ ሕዝብ ታይቶ አይታወቅም።

አጋፋሪ ወደ ኋላ ዞር ስትል ቱቦዋ ባዶ ናት። እናቲቱና ጥቂት እንቁላል ብቻ ቀርተዋል። ያን ጊዜ ገባት። ወደ በሩ ሮጣ ጭንቅላቷን ሰካችና እግሮቿን ተከለች።

ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ሕዝቡ ውጭ፣ በዚያ ትልቅ ጭንቅላት ፊት ቆመ። በመስታወቱ በኩል እናቲቱ ትታያለች፤ ሆዷ ጎድሎ፣ የደረቀውን ጥጥ ደጋግማ ስትልስ።

«ይክፈቱልን፣ እናታችን ሊሞቱ ነው» አለች ዱካ።

«ሙት አገር የለውም» አለች አጋፋሪ። «እናንተ ሁላችሁ ሞታችኋል። በሕይወት ያለነው እኔና እናቲቱ ብቻ ነን።»

ገፏት፤ አልተነቃነቀችም። ነከሷት፤ ግንባሯ ድንጋይ ነው። ፀሐይ ከመደርደሪያው ላይ ዞረች። እናቲቱ ጥጡን መላስ ተወች።

ያን ጊዜ ትከሻ አንቴናዋ ተንቀጠቀጠ። ቀረብ አለች፤ አሸተተች፤ አሁንም ቀረብ አለች።

«እሜቴ» አለች በትሕትና።

«ምን ሆንሽ?»

«ሸተቱ።»

አጋፋሪ ያን ሁሉ ቀን የሬሳ እግር ስታነሣ ስትጥል የዋለች ናት። ተሸካሚዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘለሉ። በቁጣ አልነበረም፤ እግራቸው የለመደውን ሥራ ነው የሠራው። በመንጋጋዋ ጎትተው ነቀሏት።

«ሕያው ነኝ!» ብላ ጮኸች አጋፋሪ።

«አውቃለሁ» አለች ትከሻ።

«ታዲያ?»

«ሸተቱ።»

አጋፋሪን ክምሩ ላይ ጥለው እናቲቱን ደግፈው ወደ አዲሱ ቱቦ አስገቧት። ጠጣች፤ ነፍስ ዘራች። መምህር ደምሰው «ዛሬ በራሳቸው ፈቃድ ተዛወሩ» ብለው ጻፉ።

ሦስት ቀን ደስታ ሆነ። አሮጊቷና አሥሩ ሙታንም ከክምሩ ተመልሰው ተቀላቀሉ። በሩ ሰፊ ነው፤ የሚዳስስ የለም። በአራተኛው ቀን ከሙታን ክምር የአጋፋሪ ድምፅ ተሰማ፦ «ማጅራቴን! ሌላውን ታጥቤያለሁ፤ ማጅራቴን ብቻ!»

ዱካ ዞራ እኅቷን አየቻት።

«የሸተተ ሞቷል» አለች ትከሻ።

«እኔም ሸትቼ ነበር።»

«አንቺ ሌላ ነሽ።»

«አጥቤያት ልምጣ። በር የሌላት አጋፋሪ ምን ታደርገናለች?»

ማንም አልከለከላትም። ማንም አብሯት አልሄደም። አሮጊቷ እንኳ አንገቷን ደፋች።

አጋፋሪ ከበሩ ርቃ ስትታይ የምታሳዝን ነበረች፤ ያን ጭንቅላት ቀና ማድረግ እንኳ ከብዷታል። ዱካ ማጅራቷን ላሰችላት። ሽታው መራራ ነበር፤ አፏን ሞላው።

ስትመለስ አዲሱ በር ላይ ትከሻ ቆማ አገኘቻት። ግራና ቀኟ አራት ተሸካሚዎች አሉ። አምስት ሆነው፣ ጎን ለጎን፣ ያን ሰፊ በር ልክክ አድርገው ሞልተውታል።

«ነይ እስቲ» አለች ትከሻ፣ በፍቅር ድምፅ፣ አንቴናዋን ዘርግታ። «ላሽትሽ።»

ዱካ አፏ ላይ ያለውን ሽታ ታውቃለች። ቆመች።